ሳይጠይቅ የማያጠፋ አንቲቫይረስ

ያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው አምስት ነን። አባቴ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ታላቅ እህቴ፣ ኢታንግ ከተማ ከምትሠራበት የእርዳታ ድርጅት ለቅዳሜና እሁድ የመጣች፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከማታር የመጣ፣ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ። ጎረቤታችን ባለሱቁ፣ በሩን ተደግፎ፣ «አልቀመጥም፣ ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» እያለ ግማሽ ቀን የቆየ። እና እኔ፣ ኮምፒውተሩ ፊት። እናቴ አልነበረችም። በዚያው ክረምት መግቢያ ላይ ቀብረናታል።

አጎቴ የመጣው ለድምጿ ነው። የእናቴ እናት ከድንበሩ ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ትኖራለች። መርዶው የደረሳት ከቀብሩ በኋላ ነው፤ እግሯም እዚህ ድረስ አያመጣትም። በአጎቴ በኩል የላከችው ቃል አጭር ነበር፦ «ፊቷን ካላየሁ ድምጿን አምጡልኝ።»

ድምጿ ያለው በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር። እናቴ በቤተ ክርስቲያን ከሴቶች መዘምራን ጋር ትዘምር ነበር፤ ብቻዋን ስትሆን ግን በኑዌርኛ የምታወጣቸው፣ ለማንም የማታሰማቸው የራሷ መዝሙሮች ነበሯት። ልብስ እያጠበች በስልኳ ትቀዳቸውና «አስቀምጥልኝ» ትለኛለች። ስልኩ ኋላ ባሮ ወንዝን በጀልባ ስትሻገር ከእጇ አምልጦ ውኃ ገባ። የሰፈሩ ልጆች ፊልምና ዘፈን ሊቀዱ ፍላሽ ይዘው ወደ እኛ ቤት ይመላለሳሉና፣ መዝሙሮቹ አብረው እንዳይወጡባት ትሰጋ ነበር። የይለፍ ቃል ላድርግበት አልኳት።

«የተቆለፈ ሲያዩ ነው የሚጓጉት» አለች።

ትንሽ አሰበችና የፎልደሩን ስም ራሷ ጻፈች። በአማርኛ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች፦ ቫይረስ።

«ይህን አይቶ እጁን የሚያስገባ ካለ እሰየው፣ ይዘምርልኝ!» ብላ ሳቀች። ማንም አልነካውም። ውስጡ ምን እንዳለ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

የአጎቴ ፍላሽ ማታር ገበያ ውስጥ የእግር ኳስ ጨዋታና ዘፈን የተጫነበት ነው። ስሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት አብቅለው ታዩ። ጋምቤላ ውስጥ ኮምፒውተር የነካ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ፋይሉን ይደብቀውና በቦታው ቀስት ያለባት ምልክት ያስቀምጣል፤ ቀስቷን የከፈተ ሰው በሽታውን ወደ ቤቱ ያስገባል። ከመናገሬ በፊት አጎቴ በትከሻዬ ላይ እጁን አሳልፎ፣ «ይቺኛዋ ባዶ ናት፣ እዚህ ውስጥ ቅዳልኝ» ብሎ ማውሱን ሁለቴ ጠቅ አደረገ።

«በቃ፣ ቫይረስ ገባበት» አለች እህቴ።

የአጎቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ይህቺን ቃል ግን ከጤና ጣቢያ ያውቃታል። ደነገጠ። «ኮምፒውተርም ይይዘዋል?»

«እንዴት አይይዘው!» አለ ባለሱቁ። «ያገኘው ፍላሽ ሁሉ እየገባበት!»

«ኧረ ሐጂ፣ አባባ ፊት!» አለች እህቴ፤ እሷም ግን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በሳቅ።

ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ምንም መቅዳት አልፈለግሁም፤ የተቀዳው ሁሉ ታሞ ነው ድንበር የሚሻገረው። እዚያም የሚያክመው የለም። ስለዚህ ክርክሩ የትኛውን አንቲቫይረስ እንጫን የሚል ሆነ።

ባለሱቁ የራሱን በፍላሽ ይዞ መጥቷል። «ይሄ አንበሳ ነው። የነካውን አያስተርፍም። እኔ የጫንኩ ቀን ስንት ነገር ጠርጎ እንዳወጣልኝ!»

«ከጠረገው ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አልነበረም?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ። የወጣ ወጣ።»

የሚከፈልበት ዕቃ ነው፤ ሰው ቁልፉን ሰብሮ በነጻ ያባዛዋል። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ራሱ በሽታ ተሸክሞ እንደሚመጣ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። እህቴ ቢሯቸው ያለውን አመሰገነች፤ ግን በውጭ አገር ካርድ ካልተከፈለ አይሠራም፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ሰው የለም። ሦስተኛው በነጻ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። «ነጻ ነገር ምን ይረባል?» አለ ባለሱቁ። የነጻውን ማስተካከያ ግን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ አንብቤው ነበር።

አባቴ ከመስኮቱ ወደ እኛ ዞረ። «ሁላችሁም እንዴት እንደሚገድል ነው የምታወሩት» አለ። «ሳይጠይቅ የማያጠፋው የትኛው ነው? ውስጡ የእሷ ድምፅ አለ።»

«ይሄ ነው አባባ፣ ነጻው። ያገኘውን ያስረዋል እንጂ አይገድለውም። ከዚያ ምን ላድርገው ብሎ ይጠይቀናል።»

«ካሰረማ ስንቅ ማቀበል ሊመጣብን ነው» አለ ባለሱቁ።

«እሱን ጫን» አለ አባቴ።

በእህቴ ስልክ ዳታ አወረድነው። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። አጎቴ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ጫንኩት፤ ምንም ነገር ሳይጠይቅ እንዳያጠፋ አድርጌ አስተካከልኩትና ፍተሻውን አስጀመርኩ። ባለሱቁ ያኔ ሊሄድ ተነሣ። «ሸኘው እንጂ» አለኝ አባቴ። እህቴም መሥሪያ ቤቷ ልትደውል ማንጎው ሥር ወጣች።

ከአጥሩ በር እንዳልመለስ ባለሱቁ ስለ እናቴ ማውራት ጀመረ። አንድ ኪሎ ስኳር ለመግዛት በኑዌርኛ ጀምራ፣ በአኙዋክኛ ተከራክራ፣ በአማርኛ እንደምትጨርስ ነገረኝ። «እኔ የማውቀው አንዱን ቋንቋ ነው፤ በሦስት ወገን ስትመጣብኝ እሸነፋለሁ» አለ። ስለ እሷ ስለነበር አላቋረጥኩትም። እስከ መታጠፊያው ሸኘሁት፤ እዚያም ቆምን።

ስመለስ አባቴ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ በርቷል።

«አገኘሁት» አለ።

አባቴ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ካየ ሳያነብ አያልፍም፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። የአንቲቫይረሱ መስኮት በእንግሊዝኛ ሞልቷል። ከጎኑ፣ ከኮምፒውተሩ ሁሉ እሱ ሊያነባት የሚችላት ቃል አንድ ናት።

«ማሽኑ በእንግሊዝኛ ይፈልጋል» አለኝ። «እሱ ደግሞ በአማርኛ ተጽፎ ተቀምጧል። እንዴት አድርጎ ያየዋል? እኔ ነኝ ያየሁት።»

«ምን አደረግከው አባባ?»

«አጠፋሁት። ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ፣ እንዳሳየኸኝ። ተመልሶ እንዳይመጣ።»

ስክሪኑ መሐል ላይ አንቲቫይረሱ ጥያቄውን አቅርቦ ይጠብቃል። ያችን የአጎቴን ቀስት አግኝቷታል፤ ላጥፋት ወይስ ልተዋት ይላል።

አጎቴ በድምፃችን ነቃ። «አለቀ? በል ቅዳልኝ» አለ፣ ፍላሹን እየፈለገ።

«ቅዳለት እንጂ» አለ አባቴ። «መዝሙሮቹን የት ነው ያስቀመጥክላት?»

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ከጆሮዋ አወረደች። ፊቴን አይታ መሆን አለበት። አጎቴም እንዲሰማ በኑዌርኛ ነገርኳቸው፦ እናቴ ልጆቹን ፈርታ ምን እንዳለች፣ ምን ብላ እንደጻፈች።

«ራሷ ጻፈችው?» አለ አባቴ።

«ራሷ።»

አባቴ ተነሣ። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ፣ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። አጎቴ ፍላሹን በእጁ እንደያዘ ቆመ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን አደረገ፤ የሚሄድበት ግን አልነበረውም።

ዲስኩን ነቅዬ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ ሞከርኩ። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር አንቲቫይረሱ ከዚያ በኋላ ያስቀመጠው ሁሉ በዚያች በተለቀቀች ቦታ ላይ ተጽፏል። የተመለሱት ፋይሎች ስም አላቸው፤ መጠን አላቸው፤ ድምፅ የላቸውም።

አጎቴ በማግስቱ ከመሄዱ በፊት ማንጎው ሥር ጠራኝ። «እናቴ ባዶ እጄን አትቀበለኝም» አለ። «አንተ ታውቃቸዋለህ፤ አንዱን በልልኝ፤ በአፌ ይዤ ልሂድ።» አስቀምጥልኝ ስትለኝ የማዳምጠው መቀዳቱን ለማወቅ ያህል ነበር፤ የእሷ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። የአንዱን መጀመሪያ ብቻ አልኩለት፦ «ሳልጠራህ የምትመጣ ንጋት ሆይ።» አጎቴ ደጋግሞ አለው፤ መኪናው ላይ ሲወጣም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

አያቴ አሁንም በሕይወት አለች። አባቴ ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል አይገባም፤ ምግቡንም በረንዳ ላይ ነው የሚበላው። አላጠፋህም ብዬ ብነግረው አይሰማኝም፤ ሌላ ሰው ይንገረው።

ያን ቀን አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ እኔ ያላየሁትን ጨምሩበት። እህቴ፣ አባባ ሲወጣ በአጠገብሽ ነው ያለፈው፤ የሆነ ነገር ብሏል? ሐጂ፣ እናቴ ሱቅዎ በር ላይ ተራ ስትጠብቅ ታንጎራጉር ነበር ብለውኛል፤ ዜማው እንዴት ነበር? አጎቴ፣ ያቺን አንዲት ስንኝ ስትነግራት አያቴ ምን አለች? በቧንቧው ዳር ከእናቴ ጎን ልብስ ያጠባችሁ ሴቶችም፣ ምናልባት ሳታውቁት ሰምታችኋታል። ሳልጠራህ የምትመጣ ንጋት ሆይ ካለች በኋላ ምን ትል ነበር?