ለጋሽ ለሚ የመረጥኩት ኮምፒውተር

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው እቆማለሁ፤ ሐሜቴን እናገራለሁ፣ ቁጣዬን እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። ምን ብዬስ ልናገር? «አባቴ፣ ለአንድ ሰው ኮምፒውተር መረጥኩለት» ብላቸው «እና ምን አለበት ልጄ?» ነው የሚሉኝ። ስም ያለው ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ገና ድሮ በተናገርኩት።

ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። መምህር ነኝና ከመጀመሪያው ጀምሬ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም፤ ታገሡኝ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የአይሲቲ መምህር ሆኜ ሰበታ ተመደብኩ። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ስለሆነ ሰበታ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጨዋታው በኦሮምኛ ይጀመራል፤ እኔ ስገባ ለእኔ ሲባል ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ሳቁ ሲደምቅ ደግሞ ሳይታወቃቸው ወደ ኦሮምኛ ይመለሳል። ማንም ሊያገለኝ ብሎ አልነበረም። እኔ ግን የሻይ ብርጭቆዬን ይዤ አብሬ ፈገግ እላለሁ። ምን እንደተባለ ሳያውቁ ፈገግ ማለት እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ይበልጥ የሚከብደኝ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ነበር። የተከራየሁት ክፍል ገብቼ በሩን ከዘጋሁ እስከ ነጋታው ድምፄን የሚሰማ አይኖርም። ማስረዳት የሚወድ ሰው የሚያስረዳለት ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ለድስቱ ያስረዳል። ሩዝ ለምን እንደሚያር ብቻዬን ጮክ ብዬ ያስረዳሁበት ቀን አለ።

ጋሽ ለሚ ያገኙኝ በዚያ ሰሞን ነው። የታሪክ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ የተጂ ገበሬ ልጅ፣ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ዓይነ ስውር ሆኖ የተማረ ሰው ሁሉ «አንባቢ» አለው፤ በብሬል ያልተጻፈውን የሚያነብለት፣ የሚለውን የሚጽፍለት፣ ደመወዝ የሌለው ወዳጅ ማለት ነው። የጋሽ ለሚ አንባቢ የነበረው መምህር ሆለታ ተዛውሮ ስለሄደ ሌላ ይፈልጉ ነበር።

«አካም ኦልቴ፣ አዲሱ ልጅ!» አሉኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በኮሪደሩ በትራቸውን እያንኳኩ። «ድምፅህ እስከ በሩ ይሰማል። ማስተማርህ ነው ወይስ አዋጅ ማስነገርህ?»

«ረበሽኩዎት እንዴ ጋሼ?»

«የለም የለም። ይኼ ሁሉ ጉሮሮ ለልጆች ብቻ ባክኖ መቅረቱ አሳዝኖኝ ነው። ና፣ ለእኔም አንብብልኝ።»

ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ መሽቶበት ማደሪያ እንዳገኘ ሰው ሆንኩ። ጋሽ ለሚ በማታው መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪያቸውን እየተማሩ ነበር፤ የቀራቸው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። ርዕሱ በሰበታና በተጂ መካከል ስላሉ የቦታ ስሞች ነው። ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ማሳ፣ እያንዳንዱ ምንጭ፣ እያንዳንዱ የከብት መሻገሪያ ስም ነበረው፤ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ እያለቁ ነው። ጋሽ ለሚ ሽማግሌዎቹን በስልካቸው ቀርጸዋል። ቅጂውን ያሰሙኛል፣ የሚሉትን እጽፋለሁ፣ መጽሐፍ አነባለሁ፣ የተጠበሰ ሽምብራ እንበላለን። እኔ ደግሞ በመሀል በመሀል አስረዳለሁ። ስለ ሳተላይት ካርታ፣ ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ ሁሉ ነገር። ጋሽ ለሚ ይሰሙኛል፤ ይከራከሩኛል፤ ይስቁብኛል። ሰበታ ውስጥ የሚሰማኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን «ኮምፒውተር ልገዛ ነው» አሉኝ። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ ከሰው ሰምተዋል። «ማሽኑ ራሱ ካነበበልኝ አንተን ማስቸገሬ ይቀራል። ወጣት ነህ፤ አንተም የራስህ ሕይወት ይኑርህ እንጂ ከሽማግሌ ጋር ሽምብራ ስትቆረጥም ልታረጅ ነው እንዴ?»

ይህን ያሉት በደግነት ነው። እኔ ግን የሰማሁት መሰናበቻ ነበር። የራሴ ሕይወት የሚሉት የቱ ነበር? ያ የተከራየሁት ክፍል? ያ ድስት?

ኮምፒውተር እንዴት እንደሚመረጥ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ አስተምራለሁ። መጀመሪያ «ምን ልሠራበት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ዋጋውና ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ጨዋታ ለሚጫወት ወይም ፊልም ለሚያቀናብር ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ለሚጽፍና ለሚያዳምጥ ምንም አይጠቅመውም። ቀጥሎ «የት ልሠራበት ነው?» ይባላል። የሚንቀሳቀስ ሰው ላፕቶፕ ይያዝ። ከዚያ መብራት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባትሪ ከሁሉ ይበልጣል። ይህን በእንቅልፍ ልቤ እንኳ ብትጠይቁኝ አልስተውም። ለጋሽ ለሚ የሚሆነው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፦ ቀላል፣ ድምፅ የሌለው፣ ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕ። ትምህርት ቤት ይዘውት ይገባሉ፤ ተጂ ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብለው እዚያው ይጽፋሉ። ይህን አውቅ ነበር። ሳላውቅ አጠፋሁ እንዳልል አውቅ ነበር።

ቡራዩ አንድ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ቶሌራ ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት አየር ጤና ወርደን፣ አስኮ ላይ ታክሲ ቀይረን ሄድን። ጋሽ ለሚ ትከሻዬን ይዘው፣ ወያላውን ሁሉ እያሳቁ ነበር የተጓዙት። ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል።

ቶሌራ ፍላጎታቸውን ሲሰማ አላመነታም። አንድ ትንሽ ላፕቶፕ አንሥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። «ይቺን ይዳስሷት እስቲ ኦቦ ለሚ።»

«አቤት! ይቺማ ከምሳ ዕቃዬ ትቀላለች!» አሉ። ጣቶቻቸው ሳያዩ ለሚጽፉ ተብለው ኤፍ እና ጄ ቁልፎች ላይ የተሠሩትን ጉብ ያሉ ጭረቶች ወዲያው አገኙ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ላፕቶፑን እንዳቀፉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ? እኔ ያመንኩት አንተን ነው።»

እዚህ ላይ ቆሜ እንዲህ ልበላችሁ፦ «ጥሩ ነው ጋሼ፣ ይውሰዱት» ማለት እችል ነበር። አንድ ትንፋሽ ነው።

እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ቶሎ ይደክማል አልኩ፤ እውነት ነው። ላፕቶፕ ሲበላሽ ለጥገና ያስቸግራል፤ እውነት ነው። ዴስክቶፕ በተመሳሳይ ዋጋ የበለጠ ራም፣ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ይህም እውነት ነው። አንዲት የሐሰት ቃል ሳልናገር፣ እውነቱን እንደ ጡብ እየደረደርኩ በሩን ዘጋሁባቸው። በመጨረሻም ጥግ ላይ የቆመውን፣ ለጨዋታ ተብሎ የተገጣጠመውን ትልቁን ዴስክቶፕ መረጥኩ። ትልቅ ስክሪን ነበረው። ለማያዩ ሰው ስክሪን መረጥኩ።

ቶሌራ ግራ ገባው። «መምህር፣ ግራፊክስ ካርዱ ለኦቦ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ለወደፊቱ ነው» አልኩት።

ጋሽ ለሚ ላፕቶፑን ቀስ ብለው መለሱለት። «እሱ ካለ ይሁን፤ ይኼ ልጅ የተማረው ይህንኑ ነው» አሉት። እኔንም «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ።

ማንበቢያውን ፕሮግራም እኔው ጫንኩላቸው። የሆነው እንዳሰብኩት ነው። የማሽኑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ የሚያነበው ድምፅ በጩኸቱ ይዋጣል። ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ ያድርጉ አልኳቸው፤ እንቢ አሉ። «ጆሮዬን ከደፈንኩት በሬን ማን እንደከፈተ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እንደዚያ እንደሚሉም ቀድሜ አውቅ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አብሮ ድርግም ይላል፤ የጻፉትም አብሮ ይሄዳል። አንድ ምዕራፍ ሊያልቅላቸው ሲል እንዲሁ ጠፋባቸው። የምንጮቹ ስሞች ያሉበት ምዕራፍ ነበር።

በዚያው ሳምንት «ይኼን ዕቃ ቶሌራ በዚያች ትንሿ ይቀይርልኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

ቶሌራ ዕቃውን ብቻችንን ታክሲ ላይ ስንጭን፣ ካልተመቻችሁ መልሱልኝ ብሎኝ ነበር፤ በሌላ እለውጥላችኋለሁ ብሎኝ ነበር።

«አይቀይሩም ጋሼ» አልኳቸው። «አንዴ ከሱቅ ከወጣ አይመለስም።»

እስከዚያ ድረስ በእውነት ነበር የበደልኩት። ያቺ ግን ውሸት ናት፤ በአፌ ሙሉ የተናገርኳት ውሸት።

ለጥቂት ጊዜ የፈለግሁት ሆነ። «በል ና አንብብልኝ፤ ማሽኑ ሊሰማኝ አልቻለም» ይሉኛል፤ እሄዳለሁ። ደስ አለኝ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ደስ ብሎኛል። ሽምብራው እንደ በፊቱ ጣፈጠኝ። ጋሽ ለሚ ግን እንደ በፊቱ አልነበሩም። ስቀልድ ዘግይተው ነው የሚስቁት። የጠፋውን ምዕራፍ እንደገና እንጀምረው ስላቸው «ቆይ፣ ነገ» ይላሉ። የማስረከቢያው ቀን አለፈ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ጊዜ አራዘመላቸው፤ ያም አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ቁጣም ሐዘንም በሌለው ድምፅ፣ «ተውኩት። ይኼ ነገር ከእኔ በኋላ ለመጡት ነው» አሉኝ።

ጽሑፉ ሲቆም የሚነበብ ነገር አልቀረም። ሁለት ጊዜ ያህል እንዲሁ ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ዜና ሰማን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ተነሥቼ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ሦስተኛ አልሄድኩም። ከዚያ ጨርቅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ያን ጊዜስ ለምን አልተናገርኩም? ሱቁ እዚያው ነበር፤ ቶሌራ እዚያው ነበር፤ ጋሽ ለሚም ቢነግሯቸው የማይሰሙ ሰው አልነበሩም። ዝውውር ጠየቅሁና ሱሉልታ መጣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ሱሉልታ አየሩ ስለሚስማማኝ ነው እላለሁ። ብርዱን ብታውቁት ትስቁብኝ ነበር።

እዚህም ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። የኮምፒውተር አመራረጥ የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ «ምን ልሠራበት ነው?» ብዬ እጽፋለሁ፤ ልጆቹም ይገለብጣሉ። ለማን ብዬ ነው የምመርጠው የሚለውን ጥያቄ ግን መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁትም፤ እኔም ጨምሬ አላስተማርኩትም።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ለሚ ደወሉ።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ! ጠፋህ እኮ! ሱሉልታ ብርዱ በላህ እንዴ?»

«አለሁ ጋሼ። እርስዎስ?»

«ይመስገነው። ስማኝ፣ የእህቴ ልጅ ሌንሴ ዩኒቨርሲቲ ገባችልኝ። ኮምፒውተር ልንገዛላት ነው፤ ያን ቡራዩ ያለውን ልጅ ታውቀው የለ? ለእኔ እንደመረጥክልኝ ለእሷም ሄደህ ምረጥላት።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«የእኔውማ» አሉ እየሳቁ፣ «ዕቃው ጥሩ ነበር። ጆሮዬ ነው ለማሽን አልሆን ያለኝ። አርጅቻለሁ፣ ምን ታደርገዋለህ። እሷ ግን ልጅ ናት፤ ትጠቀምበታለች።»

አፌ ተከፍቶ ነበር። «ጋሼ፣ ጆሮዎ ምንም አልሆነም» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሄሎ? ሄሎ? ትሰማኛለህ? ኤጭ፣ ይኼ ኔትወርክ...»

ስልኩን ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

እንደገና ደወሉ፤ አላነሣሁም። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም፤ እኔም አልደወልኩም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ብቸኝነት ነው ያደረገኝ ብዬም አልከራከርም። ጋሽ ለሚም ከእኔ የባሰ ብቸኛ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ብቻ እንዳልሆን ብለው የማንንም በር አልዘጉም። ነገ እደውላለሁ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ስለዚህ አልጽፈውም። የምጽፈው ዛሬ ያለውን ነው፦ ሰበታ ውስጥ አንድ ደህና ጆሮ ያላቸው ሰው ጆሯቸውን እየወቀሱ ይኖራሉ። እኔ ዝም ባልኩበት ቀን ሁሉ ጥፋቴን ተሸክመው የሚውሉት እሳቸው ናቸው።