ለውሻ የሚጣለው ጉበት

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር ሚካኤል፣ ዱለት ስከትፍ ነው። ከቀኝ ጎድኔ ሥር አንድ ነገር ተጫነኝ። ውጋት አይደለም፤ ክብደት ነው። ቢላዋውን አስቀምጬ ቀና አልኩ። እንግዶች እየገቡ ስለነበር ግን ተመልሼ ሥራዬን ያዝኩ።

ቤታችን ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በንግሥ ቀን ታቦት ሸኝቶ የሚመለስ ሰው፣ ብናውቀውም ባናውቀውም፣ ጎራ ይላል። በግ ይታረዳል፤ መጀመሪያ የሚቀርበውም የአማቴ የእማማ ጥሩነሽ ዱለት ነው። ጨጓራውን በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ ያጥባሉ፤ እስኪልም ይከትፉታል፤ በቅቤ፣ በኮሰረትና በሚጥሚጣ ለብለብ ያደርጉታል። ጉበቱ እንዳይደርቅ መጨረሻ ላይ ይገባል። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጉበቱ ውሃ የቋጠረ ከሆነ፣ የተበላሸውን ቆርጠን ለውሻችን ለነብሮ እንወረውራለን። የእሳቸውም እናት እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

የነቢያት ጾም ሲገባ ሕመሙን ጨጓራ ነው አልኩት። ጤና ጣቢያም የጨጓራ መድኃኒት ሰጡኝ። ጠበልም ተጠመቅኩ። ጥር ላይ ባለቤቴ ታደሰ ጎኔን ሲዳስስ እብጠት አገኘ፤ በነጋታው ደብረ ብርሃን ይዞኝ ሄደ።

አልትራሳውንድ ያነሣኝ ሐኪም ሆዴ ላይ ያለውን ቅባት በወረቀት ጠረገልኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ቤት ውስጥ በግ ታርዳላችሁ?»

«አዎ፣ ለእንግዳ።»

«ውሻስ አላችሁ?»

«አለን።»

«ውሃ የቋጠረ ጉበት ስታገኙ የት ትጥሉታላችሁ?»

«ለውሻው» አልኩት። ቀድሞም ገብቶት ነበር።

በሽታው ሃይዳቲድ ሲስት ይባላል። በተበላሸው ጉበት ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻ ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል። በውሻው ጸጉር፣ በአፈሩ፣ በጓሮ ጎመኑ ላይ ሆኖ ወደ ሰው አፍ ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበት ላይ ውሃ የያዘ ከረጢት እየሆነ ለዓመታት ያድጋል።

«ያሳመመሽ ዱለቱ አይደለም» አለኝ ሐኪሙ። «ውሻ ነክተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ የበላሽው ነው። አሁን ጀሪካን አትሸከሚ። እንዳትወድቂ ተጠንቀቂ። ከረጢቱ ውስጥሽ ከፈነዳ ሊገድልሽ ይችላል።»

አልቤንዳዞል የሚባል ክኒን ስውጥ ከረምኩ። ከፋሲካ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ።

ስነቃ አፌ ደርቋል። ጎኔ ላይ ቱቦ አለ። መተንፈስ ያመኛል። ማታውን ትኩሳት ያዘኝ። አልበረደም። ልጆቼን በስም እየጠራሁ አለቀስኩ አሉ። እኔ አላስታውስም። በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ።

ዓይኔን ስገልጥ እማማ ጥሩነሽ ከእግሬ በኩል ተቀምጠዋል። ታደሰ የሐኪሙን ቃል ነግሯቸው ነበር።

«ልጄ፣ በገዛ እጄ ገድዬሽ ነበር» አሉ።

«እማማ፣ እኔም ወርውሬያለሁ። ማናችንም አላወቅንም።»

እግሬን ያሹልኝ ጀመር።

ቤት ከገባሁ በኋላ፣ በየንግሡ ቤታችን ገብተው የበሉ ሰዎች አንዱ አጥሚት፣ አንዱ የገብስ ሾርባ፣ አንዱ እንቁላል እየያዙ ይመጡ ጀመር፤ አንድ ቀንም ከራቤል በኩል የመጡ ሽማግሌ ማር አምጥተው «የዛሬ ሦስት ዓመት አብልተሽኛል» ሲሉኝ፣ ፊታቸውን ለማስታወስ ብሞክርም አልሆነልኝም። ሰው ሲያበላ የኖረ ሰው ተኝቶ መጉረስ መጀመሪያ ያሳፍረዋል። እኔም አፍሬ ነበር፤ ቀስ እያልኩ ለመድኩት፤ መድኃኒቱን እየጨረስኩ፣ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ጓሮው፣ በክረምቱ ማብቂያ ደግሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግሬ መሄድ ቻልኩ።

ኅዳር ሚካኤል ሲመጣ እማማ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዱለት አይሠራም» አሉ።

«ሐኪሙ ዱለቱን አልከለከለም፤ ውርወራውን ነው የከለከለው» አልኳቸው።

ብዙ ካሰቡ በኋላ እሺ አሉ። ታደሰ ከጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። በጉ ሲበለት ጉበቱ አንድ ጎኑ ውሃ ቋጥሯል። እማማ ራሳቸው ቆርጠው ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉት፤ አፈርና ድንጋይም አስጫኑበት። አንድ እንግዳ ሳቀ።

«እማማ፣ ለውሻ ነፈጉ?»

«ውሻዬ ቂጣ ይበላል። ይቺን ልጅ ግን ዳግመኛ ለቢላዋ አልሰጥም።»

እንግዳው ሳቁን ተወ። ሁሉም ስለ ጉድጓዱ ይጠይቁ ጀመር፤ እኔም ቀሚሴን ሳልገልጥ ጠባሳዬ የት እንዳለ በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። በዚያ ሳምንት ሁለት ጎረቤቶቻችን ጉድጓድ ቆፈሩ።

በመጨረሻው ምርመራ ጉበቴ ንጹሕ ነው ተብያለሁ። ያከሙኝን ሐኪሞች፣ በየሌቱ ትኩሳቴን የለኩልኝን ነርሶች፣ ያጎረሱኝንም ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ ሕመም ለያዛችሁ የምመክረው፣ ደኅና ነኝ ብላችሁ ክኒኑን ከመሃል አታቋርጡ፤ ከክትትሉም አትቅሩ። በግ የምታርዱ ደግሞ የተበላሸውን ቅበሩት ወይ አቃጥሉት። ለውሻችሁ ከእንስሳት ሐኪም የትል መድኃኒት ውሰዱለት፤ እኛ ለነብሮ እንሰጠዋለን። ጎመኑን እጠቡ፤ ልጆችም ከውሻ ተጫውተው ሲመጡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

እንግዳ መቀበሉን ግን አትተዉ። ድናችሁ በዘመሮ በኩል ብታልፉ፣ ሳትበሉ እንዳታልፉን።