የእትዬ ዘነበች እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። አንተ አታውቀኝምና ስማኝ።

ከመርካቶ ብዙ በማይርቅ ሆስፒታል፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ዕቃ የምቀቅለው እኔ ነበርኩ። ወተት የሚሰጥባቸውን ስኒዎችና ቀጫጭን ቱቦዎች ሃያ ደቂቃ አፈላለሁ፤ ሰዓቱን በደብተር እጽፋለሁ። ለምን ሃያ እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁትን የነርሶች መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ብቻዬን አንብቤዋለሁ። ታዲያ አላወቅሁም ልል እችላለሁ?

እናቶች ሲገቡ እጃቸውን የማስታጥበውም እኔ ነበርኩ። ከእናቶቹ አንዷ እትዬ ዘነበች ናት፤ መርካቶ እህል በረንዳ ጤፍ ታበጥራለች። የመጀመሪያ ልጇ ከክንዴ አትረዝምም። ጥፍሯ ሥር አቧራ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ እንደገና ሳስታጥባት፣ "አንተ ልጅ፣ ቆዳዬን ልትልጠው ነው እንዴ?" ብላ ትስቃለች። ግን እስከ ክርኗ ትታጠባለች።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስም ሲጠራ አለመገኘት ያስጠይቃል። ፈራሁ። ውሃው በፈላ በአምስተኛው ደቂቃ ዕቃውን አወጣሁ። ደብተሩ ላይ ግን ሃያ ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ፤ በተለመደው ጥንቁቅ ጽሕፈቴ።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኗን አተኮሳት፤ ወተት አልቀበል አለች። በአምስተኛው ሞተች። ሲስተሯ "ዕቃው በደንብ ተቀቅሏል?" ስትለኝ ደብተሩን ዘረጋሁላት። አየችና ወደ እናትየዋ ዞረች። "ስንቴ እጅሽን ታጠቢ አልኩሽ፣ የኔ እህት?" እትዬ ዘነበች እጇን ገልብጣ አየችው። ውሃውን ያፈሰስኩላት እኔ፣ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

የገደላት አምስት ደቂቃ ብቻ የፈላው ቱቦ ይሁን ሌላ ምክንያት፣ በእርግጠኝነት አላውቅም። እጇ ንጹሕ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ እሷም እንኳ አታውቅም።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት እህል በረንዳ አየኋት። ጎረቤቷ ጨቅላ ልጇን "እስቲ አንዴ ያዢልኝ" ስትላት ወደ ኋላ ሸሸች። "እኔ? ተይ እባክሽ፣ የእኔ እጅ አይሆንም" አለችና ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደበቀች። ያን ጊዜም ዝም ብዬ አለፍኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አንተን ይቅርታ አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ስብሰባውንም ሰበብ አላደርገውም። ነገ ጠዋት እህል በረንዳ እሄዳለሁ። ትርገመኝ፣ ታልቅስ፣ እንደወደደች ታድርገኝ። ብቻ ትስማኝ፦ እትዬ ዘነበች፣ እጅሽ ንጹሕ ነበር፤ ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።