የቁርጥራጩ ክፍል ኖራ የተቀባ ጊዜ

በ1997 ዓ.ም.፣ የበልጉ ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ ሮቤ ዙሪያ ያለው ማሳ ታርሶና ጠቁሮ ዝናብ የሚጠብቅበት ሰሞን። ዘንድሮ ጎረቤቶቼ ለልጃቸው ሰርግ ቤታቸውን ሲያድሱ የእርጥብ ኖራ ሽታ በአጥሩ አልፎ ግቢዬ ድረስ መጣና ወደዚያ ሰሞን መለሰኝ። ኖራ ለሌላው ሰው የበዓል ሽታ ነው፤ ደግ ነገር ሊመጣ ሲል የሚሸት። እኔ ግን ሲሸተኝ በእጄ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ፤ ትንሽም ቁጭ እላለሁ።

ያኔ ገና ወጣት፣ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ባለቤቴ ጀማል የጋሪ ጎማ ይጠግናል፤ ቤታችን ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ በስተኋላ ነበር። የመጀመሪያዋ ልጄ ሂክማ መራመድ ከጀመረች አንስቶ ሥራዋ ከስፌት መኪናዎቹ ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ መልቀም ሆነ፤ እሷን አይተው የጎረቤት ልጆችም ያገኙትን ሁሉ ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ቆርኪ፣ ሽቦ፣ የሻማ ካርቶን፣ ባዶ ጣሳ። ቤቱ ሞላ። አንድ ቀን ጀማል ደክሞት ገብቶ፣ ትራስ መስሎት ቆርኪ የሞላ ከረጢት ላይ ጋደም ካለ በኋላ፣ ወይ እኔን አስወጪ ወይ ይህን ቆሻሻ አለኝ። እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ ጉንጩ ላይ ግን የቆርኪው ጥርስ ታትሞበት ነበር።

ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ሰባራ ወንበር የሚጣልበት ክፍል ነበር። የቀበሌው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ የልጅ ልጃቸው ከእኛ ቤት አልወጣ ብላ ስላስቸገረቻቸው፣ እዚህ ከምትጨናነቁ እዚያ ግቡ ብለው ክፍሉን ሰጡኝ። ወረቀት አልነበረውም፤ ቃላቸው ብቻ ነው። አላህ ይስጣቸው፣ በዚያ ቃል ጥቂት ዓመት ቆየን።

ጠዋት የቤቴን ሥራ ስጨርስ ከረጢት ይዤ እዞራለሁ። ሰፊዎቹ ቁርጥራጩን አጠራቅመው ይጠብቁኛል፤ ከአናጺዎች የእንጨት ቁራጭና ሳጋቱራ፣ ከጀማል ዘንድ ለጥገና የማይሆን ጎማ አገኛለሁ፤ ከጎባ ደግሞ አንዲት ዘመዳችን የተጣለ የራጅ ፊልም ታመጣልን ነበር። ጣሳውን በአመድና በፈላ ውኃ አጥቤ፣ ስለቱን ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ አደንዘዋለሁ። ከዚያ ሁሉንም በየዓይነቱ ለይቼ፣ በከረጢት በከረጢት አድርጌ፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ። ክፍሉ የጎማ፣ የሳጋቱራና የልጅ ላብ ይሸት ነበር። ሕጋችን ሁለት ነው፤ የሠራኸውን እንጂ ጥሬውን ዕቃ ይዘህ አትወጣም፤ ደግሞ ማንም ማንንም ይህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛውን ሕግ ያወጣሁት፣ ልጅ ሲጠየቅ የራሱን ትቶ ለጠያቂው የሚመቸውን መሥራት እንደሚጀምር ስላየሁ ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ ሲገቡ ድምፃቸው ከአዳራሹ ማዶ ይሰማል። አንዱ ከጀሪካን የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ሠርቶ ሳጋቱራ ያሳጭደው ነበር። ሴት ልጆቹ የራጁን ፊልም ለካርቶን ቤታቸው መስኮት አድርገውት፣ ፀሐይ ሲመታው የማናውቀው ሰው የጎድን አጥንት ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ እነሱ ግን መጋረጃችን ነው ይላሉ። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጣላሉ፤ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይታረቃሉ። ለአንድ ሰማያዊ ጨርቅ ሲሻሙ እኔ ጥጌን ይዤ የአስር ሶላቴን እሰግዳለሁ፤ ስጨርስ ጨርቁ ለሁለት ተቀዶ፣ ሰላምም ወርዶ አገኛቸዋለሁ።

በዚያ በልግ ኦቦ ገመቹ ጠርተውኝ፣ ለገበሬው ማዳበሪያ በመኪና እየመጣ መሆኑን፣ ማስቀመጫም መጥፋቱን ነገሩኝ። ኮሚቴው ማክሰኞ ዞሮ የቀበሌውን ክፍሎች ያያል፤ ልጆቹ ከነሥራቸው ከተገኙ ክፍሉን ማንም አይነካውም፣ ባዶ ከሆነ ግን መጋዘን ይሆናል አሉኝ። አልፈራሁም። ያንን ክፍል አይቶ ባዶ ነው የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ዓርብ ዕለት ያሳደገችኝ አክስቴ ጊኒር ላይ ማረፏ ተነገረኝ። ጀማልንና ልጆቹን ይዤ አውቶብስ ከመሳፈሬ በፊት የክፍሉን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ ሰጠሁ። እትዬ አስካለ ከጉራጌ አገር መጥተው ሮቤ ላይ ቅመምና ጨው የሚሸጡ፣ ጾም የማያጎድሉ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሂክማን ስወልድ እናት ሆነው ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ማክሰኞ የቀበሌ እንግዶች ስለሚመጡ ክፍሉን ይክፈቱላቸው፣ ልጆቹም ይኑሩ አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው። እሳቸው ከነገርኳቸው ሁሉ የያዙት እንግዳ የሚለውን ነው።

በእኛ ሰፈር ሴት ለቅሶ ስትሄድ ቤቷ የጎረቤት ነው፤ ተመልሳ መጥረጊያ አትይዝም፤ ጠርገው፣ ውኃ ቀድተው ይጠብቋታል። ሐዘን ላይ ባለች ሴት ቤት እንግዳ ገብቶ ዝርክርክ ነገር ቢያይ የሚያፍረው ሰፈሩ ነው። ስለዚህ እትዬ አስካለ ሰኞ ዕለት ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ሴት አስተባብረው ክፍሉ ውስጥ ገቡ። የሚነደውን አነደዱ፤ የማይነደውን በጋሪ አስጭነው ገደል አስደፉ። ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፤ ወለሉን አጥበው ሣር ጎዘጎዙበት። ልጆቹ ሲመጡ እንዳያቆሽሹት ብለው መለሷቸው። በማግስቱ ለኮሚቴው ዳቦና ሻይ ቀረበ፤ እንዲህ ያለ አቀባበል በዚያ ቀበሌ ታይቶ አያውቅም ተባለ።

ሐሙስ ከአውቶብስ እንደወረድን ጀማል ልጆቹን ይዞ ወደ ቤት ገባ፤ እኔ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አድርጌ ቆምኩ። ነጭ ነው። ከረጢት የሰቀልኩባቸው ምስማሮች እንኳ ተነቅለው፣ ቀዳዳቸው ተደፍኗል። እትዬ አስካለ መምጣቴን ሰምተው ከኋላዬ ደረሱ፤ ኖራ የበላው ጣታቸው ተልጦ ቀልቷል።

«ሰዓዳዬ፣ አላሳፈርንሽም አይደል?» አሉኝ።

ዕቃው የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የቱ ዕቃ? ቆሻሻው? ቆሻሻ መች ይጠፋል ልጄ፣ በሳምንት ትሞይዋለሽ። እንግዳ ግን ቆርኪ ላይ ተቀመጥ አይባልም።»

እጃቸውን አይቼ ወደ ቀበሌው ቢሮ አመራሁ።

ኦቦ ገመቹ ቢሯቸው ስገባ ተነስተው ቆሙ፤ ነፍስ ይማር አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው «አንድ ቆርኪ እንኳ መሬት ላይ ባገኝ በእሱ እከራከርልሽ ነበር» አሉኝ። ኮሚቴው ያየው ባዶ ቤት ነው፤ እሳቸውም ሐዘኑ ከብዶኝ የተውኩት መስሏቸው ነበር። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ኮሚቴው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል፤ አስካለን ይዤ ብመጣ፣ ክፍሉ ሙሉ እንደነበረና የልጆቹን ዕቃ ያስደፉት እሳቸው መሆናቸውን በሁሉም ፊት ቢናገሩ፣ ውሳኔው ሊነሳ ይችላል። «ማል ጎና ሰዓዳ፣ ሌላ የለኝም» አሉኝ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው።

ማታ እትዬ አስካለ የለቅሶ ምግብ ይዘው መጡ። ሥጋውን ከሙስሊም ሉካንዳ አስገዝተው፣ በእኔው ድስት፣ ሙስሊሟን ጎረቤታችንን አሠርተው ነው ያመጡልኝ፤ እሳቸው ጾም ላይ ስለነበሩ አልቀመሱትም። እኛ ስንበላ እሳቸው እንግዶቹ እንዴት እንደተደሰቱ፣ አንዱ ሻይ ሁለቴ እንዳስደገመ፣ ሌላው ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ቢሮ ይመስላል እንዳለ አወሩልን። ጀማል ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እትዬ አስካለ ሲወጡ፣ ንገሪያት እንጂ፣ አውቃ አይደለም፣ ማን ይፈርድባታል አለኝ። ኮሚቴው እንደማይፈርድባቸው እኔም አውቃለሁ። እሳቸው ግን በራሳቸው ላይ ይፈርዱ ነበር። ሂክማ ከካርቶን የሠራችው ቤት የት እንደሄደ ጠየቀችኝ፤ ነገ እነግርሻለሁ ብዬ አስተኛኋት።

ያ ክፍል እስከ ዛሬ መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ሲራገፍ እትዬ አስካለ አዩ፤ እስኪሞቱም ድረስ፣ ቤቱን አሳምረን ዓይን አስገባንበት፣ ባያምር ኖሮ ማን ይመኘው ነበር እያሉ ቀበሌውን ይወቅሱ ነበር። እኔም እውነትዎን ነው እላቸው ነበር። ኮምባይነር የሠራው ልጅ ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ሲያሳፍረኝ ክፍሉን ታስታውሳለህ ወይ አልኩት። አንድ የምንጫወትበት ቦታ ነበረ አይደል አለኝ፤ ምን ይሠራ እንደነበር ግን ጠፍቶበታል። ሂክማ ለልጆቿ ከሱቅ መጫወቻ ትገዛለች፤ ሲሰበር ትጥለዋለች። ጨዋታው የሚጀምረው ከተሰበረ በኋላ ነው ልላት እፈልግና እተወዋለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ጌታዬ ጎረቤት አሳጥቶኝ አያውቅም፤ ታምሜ ብቻዬን ያደርኩበት ቀን የለም። ነገር ግን ለእነዚያ ልጆች ከእኔ ሌላ የሚሟገትላቸው አልነበረም፤ ይህን ሳስብ ምስጋናዬ መሐል ላይ ይቆማል።

ያኔ፣ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ዕለት ጠዋት፣ ሱብሒ ሰግጄ ለሂክማ ቤቷ መፍረሱን ነገርኳት፤ ለቅሶዋ እስኪያባራ ድረስ አብሬያት ተቀመጥኩ። ከዚያ ዱቄት አቡክቼ ጨጨብሳ ሠራሁ፤ የእትዬ አስካለን ያለ ቅቤ በዘይት ለውሼ፣ ከሰዓት በኋላ እህል ሲቀምሱ እንዲበሉት ለብቻው ሸፈንኩት። ያጸዱልኝን ሴቶች በየቤታቸው እየዞርኩ አመሰገንኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን እትዬ አስካለ ቤት ደረስኩ፤ ሥራ አለብኝ እያሉ ቢያስቸግሩኝም አስቀመጥኳቸውና ቫዝሊኑን ከፍቼ፣ የተላጠ ጣታቸውን አንድ በአንድ ቀባሁላቸው።