«ቀረች» የተባልኩበት ዘመን

እናቴ ለእኔ ከል ለብሳ ሞተች። እኔ ግን አልሞትኩም ነበር፤ ወንድሜም አለመሞቴን ያውቅ ነበር። በደሉ ይህ ነው። ሌላ ሌላውን ሁሉ ክፉው ቀን ያመጣው ነው ብዬ ትቼዋለሁ፤ ይህን ግን አልተውኩም።

ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ናት። ከቤይሩት ደውላ ሥራውን ለምጄዋለሁ፣ ሰዎቹም ወደውኛል ስትለኝ ቆየችና፣ «እማማ፣ እዚሁ ብቀርስ ምን ይሉኛል?» አለች።

«ይህ ቃል ከአፍሽ አይውጣ!» ብዬ ጮህኩባት። «ልኖር ነው በይ! ልሠራ ነው በይ!»

«ኧረ እማማ፣ ያው አይደል እንዴ?»

ያው አይደለም። በእኛ አገር ከዘመቻ ያልተመለሰ «ቀረ» ይባላል። በዚያ የረሃብ ዘመን እህል ፍለጋ ወጥቶ መንገድ ዳር የወደቀም «ቀረ» ነበር የሚባለው። ሞተ ማለት ስለሚከብድ በዚህች ቃል እንሸፍነዋለን። ቃሏ ለሙታንም በሰው አገር ለሚኖሩትም አንድ መሆኗን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

በልጉ ከድቶን፣ ክረምቱም በንፋስ ብቻ ያለፈ ጊዜ ነበር። በሬዎቻችን አልቀዋል። አራተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ሄድኩ፤ ከኮምቦልቻም ወደ አሰብ በሚወርዱ መኪኖች ወረድኩ። ከአሰብ በሳንቡቅ፣ በሸራ ጀልባ፣ ጅቡቲ ገባሁ። በመንገዱ ያየሁትን አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ላላየ ደግሞ ምን ይጠቅመዋል?

እዚያም ሲቲ ዘህራ፣ እመቤት ዘህራ ማለት ነው፣ የምትባል ባሏ የሞተባት የመናዊት የሆቴሎችን አንሶላ የምታጥብበት ግቢ ነበራት። እዚያ ገባሁ። እኔ ጠዋት ጠዋት ውርጭ እየረገጥኩ ያደግሁ የደጋ ልጅ ነኝ፤ የዚያ አገር የበጋ ንፋስ ግን ከእሳት ምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። አንሶላውን እስከ ገመዱ ጫፍ ሰቅዬ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀኝ ነበር። ዓሣ ሲቀርብልኝ አፍንጫዬን ይዤ እሸሽ ነበር። የሚሰጡንን ረጅም ዳቦ ግማሹን በልቼ ግማሹን በነጠላዬ ጫፍ እቋጥረው ነበር፤ ነገ እንዳይጠፋ።

አንድ ቀን የከሰል ካውያ እጄን ሲያቃጥለኝ ሲቲ ዘህራ ደንግጣ ጮኸች። እኔው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አልኳት።

ድንጋጤዋን ረስታ ሳቀች። «አንቺ ባለ ማተብ! ዐረብኛ ማን አስተማረሽ?»

«ዐረብኛ አይደለም፣ የእኛ የወሎ ቦረና ቋንቋ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ እናቴ ስታጽናናኝ የምትለው ቃል ነው፤ ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ቋንቋ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴትዮዋ አቀረበችኝ።

እየቆየ ለመድኩት። ካውያው ለእጄ ቀለለኝ፤ ዓሣውም ከሩዝ ጋር ይጣፍጠኝ ጀመር። አንድ ማታ ነጠላዬን ሳራግፍ የቋጠርኩት ዳቦ እንደሌለ አየሁ። ለካ መቋጠር ትቻለሁ። ሰው አገር የሚለምደው እንዲህ ሳያውቀው ነው።

በዚያው ሰሞን ሲቲ ዘህራ በቅልቅል ቋንቋችን፣ «ክፍል እሰጥሻለሁ፣ የመኖሪያ ወረቀትም አወጣልሻለሁ። አገርሽ ምን አለሽ? እዚህ ኑሪ» አለችኝ።

«እናቴን ልጠይቅ» አልኳት።

ወደብ ላይ ተሸካሚ የነበረ ሰይድ የሚባል የአቀስታ ሰው አገር ሊገባ ሲነሣ ጠራሁትና፣ «ለእናቴ እንዲህ በልልኝ፦ ሥራ አለኝ፣ ቤትም ሊሰጡኝ ነው፤ ልቅር ወይስ ልምጣ? እሷ ያለችውን አደርጋለሁ» አልኩት።

«ወላሂ አንዲት ቃል አልጥልም» አለኝ።

«ከጣልክ ፈጣሪ ይጠይቅሃል።»

«እሱስ መሐሪ ነው፤ እኔ የምፈራው አንቺን ነው!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

መልስ ጠበቅሁ። ከደሴ መጣ የተባለ ሰው ሁሉ ጋ እየሮጥኩ እጠይቅ ነበር። አንድም ቃል አልመጣም። ዝምታም መልስ ነው፤ እናቴ ጨክናብኛለች፣ የምታበላኝ ስለሌላት አትምጪ ማለቷ ነው ብዬ ተረጎምኩት። እያለቀስኩ ወረቀቱን ተቀበልኩ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ ተባለ፣ መሬት ለገበሬ ተሰጠ ተባለ። አገሩም ዝናብ አገኘ ሲባል ሰማሁ። እናቴን ዓይኗን አይቼ፣ ቀሚስ አልብሻት ልመለስ ብዬ ተነሣሁ።

መካነ ሰላም ገበያ ላይ ጌሾ የምትሸጥ ጎረቤታችን አየችኝና አማተበች። «በስመ አብ! ተዋበች አይደለሽም!»

«ነኝ እንጂ!»

«እኛ እኮ አልቅሰንልሻል!» ጌሾዋን ጥላ ሸሸች። ከሩቅ ቆማ ነው የቀረውን የነገረችኝ። እናቴ የእኔን ከል ሳታወልቅ ሰኔ ላይ ተቀብራለች።

ታላቅ ወንድሜ ይመር፣ «ሰውየው ቀረች አለኝ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ።

አላመንኩትም። አቀስታ ድረስ ሄጄ ሰይድን አገኘሁት። «ወላሂ፣» አለኝ፣ «ወንድምሽን ገበያ አግኝቼ 'ልቅር ወይስ ልምጣ' ብላለች አልኩት። እንዲያውም አስደገመኝ። ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ ብሎ ነው ያሰናበተኝ።»

ወደ ጅቡቲ አልተመለስኩም። ለመሬቱ ብላ ነው ይላሉ፤ መንገዱ ተዘግቶባት ነው የሚሉም አሉ። እውነቱ እልህ ነው። ያለቀሰብኝ ሁሉ በየገበያው ቆሜ ይየኝ አልኩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይመር ይየኝ። አገባሁ፣ ወለድኩ። የሲቲ ዘህራ ክፍል ግን አሁንም በሕልሜ ይመጣል፤ እናቴ ደህና መሆኔን አውቃ ቢሆን ኖሮ እዚያ በሰላም እኖር ነበር። ሁለቱንም ነው ያጣሁት። ይመርን በየፋሲካው ጠየቅሁት፣ በሽማግሌ ፊት ጠየቅሁት። መልሱ ያችው ናት፤ «ሰውየው እንዲያ አለኝ»።

የልጅ ልጄ የደወለች ዕለት ከዘራዬን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሟል፣ ከመደቡም አይነሣም።

«ይመር፣ አንተ ከሞትክ ማንን እጠይቃለሁ?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወደዚያው እንደዞረ ተናገረ።

«እማዬ ጎታው ሥር ስንዴና ባቄላ ደብቃ ነበር። ተዋበች ርቧት ትመጣለች፣ የእሷ ነው እያለች ማንንም አታስነካም ነበር። ልመናም ጠብም ሞከርኩ። ያን ቀን ያልሽውን ልነግራት ነበር የገባሁት፤ ልጆቼን በረሃብ ዝለው በሩ ላይ ወድቀው አየኋቸው። 'ቀረች' አልኩ። ጮኸች። ከዚያ 'ለልጄ ለቅሶ ንፍሮ ቀቅሉላት' ብላ እህሉን በገዛ እጇ አወጣችው። ልጆቼ በሉ። እሷ አልቀመሰችውም።»

«ከዚያስ?» አልኩት። «ልጆችህ ከበሉ በኋላ፣ አለች ብለህ ለምን አልነገርካትም?»

«ፈራኋታ፣ ተዋበች። 'እንግዲያው የልጄን እህል መልስልኝ' ብትለኝ፣ ከየት አመጣላት ነበር?»