ጠርዙ ያልተቀባው ወለል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ የዕቃ ማጠቢያዋ ሥር ያለው ሳጥን በሩ አልዘጋ ብሏት አስጠራችኝ። ማራኪ ሰፈር ውስጥ አናጢ መሆኔን የማያውቅ የለም፤ ጡረታ መውጣቴን የሚያውቅ ግን ያለ አይመስለኝም። በሩን ነቅዬ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ንብርብሩ እንደ አሮጌ ዳዊት ቅጠል ተገላልጧል። ፊቱ በቫርኒሽ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ግን አንዲት ጠብታ ዘይት ሳይቀምስ ነው የተገጠመው። የሠራውን ሰው ልሰድብ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔም አንድ ጊዜ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአይከል መጥቼ እዚሁ ማራኪ አንዲት ክፍል ከባዩ ጋር ተከራይቼ እኖር ነበር። ባዩ በአንድ እንጨት ሥራ ቤት አብሮኝ የሚሠራ፣ ብረት ቀጥቃጭ አባትና ሸክላ ሠሪ እናት ያሳደጉት የቤተ እስራኤል ልጅ ነው። የመንደሩ ሰው ማረሻውን ከአባቱ፣ ማሰሮውን ከእናቱ ይገዛል፤ ማዕዳቸው ላይ ግን አይቀርብም። ቡዳ ናቸው ይባላል። እናቴ ከባዩ ጋር ከአንድ ሳህን እንደምበላ ብትሰማ ጠበል ሳታስገባኝ አታድርም ነበር። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምኖር ለማንም አልተናገርኩም። በከተማው ውስጥ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ከክፍላችን ውጭ አላነሳም ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አያ ይርጋ የሚባሉ ባለ ጀልባ ከጎርጎራ መጡ። ጣና ላይ ሰውና እህል የሚያመላልሱበት የእንጨት ጀልባቸው ወለሉ በስብሷል። አሠሪያችን ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። በዚያው ሰሞን የባዩ ቤተሰብ የጉዞ ተራ ደረሰ፤ እሑድ ማለዳ ከጎንደር በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ እስራኤል። ሰኞ ጎርጎራ ወርጄ ቅዳሜ ከተመለስኩ ለመሸኘት እደርሳለሁ ብዬ አሰላሁ።

ለወለሉ የሚሆነውን ኮምፖልሳቶ፣ ያን ተነባብሮ በኮላ የተጣበቀ ጣውላ፣ አብረን መረጥን። እኔ ፊቱን አይቼ የማምን ሰው ነበርኩ፤ ለጣራ ኮርኒስ የሚበቃኝም ያ ነበር። ባዩ ግን ጣውላውን በማዕዘኑ አቁሞ በጣቱ አንጓ ከላይ እስከ ታች እያንኳኳ ያዳምጣል። ድምፁ ድንገት ከላላ ውስጡ ክፍተት አለ ማለት ነው፣ ይመለሳል። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተደፍቶ ንብርብሩን ይመረምራል። ባለሱቁ ትዕግሥቱ አልቆ «ሚስት ነው የምትመርጡት ወይስ እንጨት?» አለን። ባዩ ቁራጭ ለምኖ ወሰደና ሽሮ በምንሠራባት ድስት ከቀትር እስከ ምሽት ቀቀለው። ኮላው ካልለቀቀ ሐይቅ ይችላል አለ። አልለቀቀም። ሽሯችን ግን እስክንለያይ ድረስ ኮላ ኮላ ይሸት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጣውላውን መኪና ላይ ስንጭን እንዲህ አለኝ፦

«ለጠርዙ ዘይት እንዳትሰስት። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።» ገመዱን እያጠበቀ ደግሞ «ሳልሄድ ድረስልኝ» አለ።

እደርሳለሁ አልኩት።

የደንቢያ ሜዳ በኅዳር ያምራል። ጤፉ ይታጨዳል፣ ሽምብራው ገና ለምለም ነው፤ ጣውላው ላይ ተቀምጠን እሸት እየፈለፈልን ወረድን። አያ ይርጋ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብና የእንጨት መስቀል ያሰሩ፣ ጾም የማይገድፉ ሰው ነበሩ። የነቢያት ጾም ስለነበር ማታ ማታ ተልባ በጥብጠው ይሰጡኛል። ቀን ጣውላውን የምቀባውም የተልባ ዘይት ነበርና፣ እኔና ወለሉ አንድ ዓይነት ቀለብ ነበረን።

ማክሰኞ ጣውላውን በጀልባዋ አጥንቶች፣ ወለሉን በሚሸከሙት አግዳሚዎች፣ ልክ ቆረጥኩ። ረቡዕ ዘይቱን አሙቄ፣ በማቅጠኛ አቅጥኜ የመጀመሪያውን ቀባሁ። ሐሙስ ወፈር አድርጌ ደገምኩ። ጠርዙ ቀረ። ጠርዝ እንደ ፊት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ መጠጣት አለበት፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደገምም። አርብ ደግሞ ኅዳር ጽዮን ሆነ። በማርያም ቀን አያ ይርጋ ደጃፍ ብሩሽ ቀርቶ መርፌ አይነሳም። ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሰው ሁሉ በነጠላ እየነጣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድና ሲመለስ አየሁ። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ባዩ ገና ሳይሄድ ናፈቀኝ።

ከጎርጎራ መኪና የሚገኘው ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ካልወጣሁ ባዩን አላየውም። ሽማግሌውን «ጓደኛዬን ልሸኝ ነው፣ ልቀቁኝ» ማለት ይቻል ነበር። ግን ጓደኛህ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ቢሉኝስ? ያንን መስቀል አየሁና ዝም አልኩ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጣውላዎቹን ጠርዛቸው እንደነጣ ወደ ቦታቸው አስገብቼ በብሎን አሰርኩ። ወለሉ ከተገጠመ በኋላ ጠርዙን ማንም አያየውም።

አያ ይርጋ መጥተው ወለሉ ላይ ቆሙ፣ ረገጥ ረገጥ አደረጉ።

«ሸጋ ነው። ጠርዙንስ አጠጣኸው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አጠጥቼዋለሁ» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ እሸት ሽምብራ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ሰጡኝና መኪና ተሳፈርኩ።

ማራኪ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። የክፍላችን በር በገመድ ታስሯል። አከራያችን ነገሩን ነገረችኝ፤ ጉዞው በአንድ ቀን ተቀድሞ፣ ሰንበታቸው ቢሆንም አውቶቡሱ አይጠብቅምና፣ በዚያው ቀን ማለዳ ሄደዋል። ባዩ መቀደሙን እንደሰማ ሐሙስ ማታ ከጎርጎራ የሚመጣውን መኪና መናኸሪያ ቆሞ ጠብቆ ነበር። አርብም መኪና እንደሌለ እያወቀ ሄዶ ቆሟል። ገባሁ። ያችን ድስት በአሸዋና በአመድ ፈትጎ፣ አጥቦ፣ መደብ ላይ ደፍቷታል። እሸቱን አጠገቧ አስቀመጥኩትና አለቀስኩ።

ገናና ጥምቀት አለፉ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ባዩን አጣሁ፤ እሱን ለማግኘት ያበላሸሁት ወለል ደግሞ እዚያ ሐይቅ ላይ ውሃ እየጠጣ ነው። ሽማግሌው ሰው ጭነው ቢሰነጠቅስ እያልኩ ጥር መጨረሻ ላይ ዘይትና ብሩሽ ይዤ ወረድኩ። አያ ይርጋ ጀልባቸውን ዳር ስበው መረብ ይጠግናሉ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ ዋሽቼዎታለሁ፣ ጠርዙን አልቀባሁትም አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ዘይቱ ከልኩ በላይ ተርፎ አየሁት። ሰኞውን ፈትቼ እኔው አጠጣሁት። እንደ ጥጃ ነው የጠባው።» መረባቸውን አስቀመጡ። «ምን አስቸኮለህ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የባዩን ስም፣ የአባቱን ሥራ፣ መስቀላቸውን አይቼ መፍራቴን። ሽማግሌው ተነስተው እጄን ያዙና የጀልባዋን ጎን አስዳሰሱኝ። የሚስማሮቹ ራስ ሻካራ ነው፣ በእጅ የተቀጠቀጠ።

«ይህን ማን የቀጠቀጠው መሰለህ? ወዳጄ ነበር፣ ከእነሱው ወገን። አምና ሄደ። እዚህ ቤት ሁለት ቀን አድሮ ነው የተሰነባበትነው» አሉ። «ምነው ሳትነግረኝ? ሐሙስ ዕለት በሸኘሁህ ነበር። ጠርዝ መቀባት ለእኔ ምን ያቅተኛል?»

ሐሙስ። ባዩ መናኸሪያ ቆሞ የጠበቀኝ ቀን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የገባኝ ግን እዚያ ሐይቅ ዳር ነው። አያ ይርጋ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከባዩ ደብዳቤ መጥቶ ከሆነም እጄ አልገባም፤ ያንን ክፍል በዚያው ወር ለቅቄ ነበር።

የወይዘሮ አልማዝን በር ትናንት ጨረስኩላት። ጠርዙን ሦስት ጊዜ አጠጥቼ፣ ፊቱን መጨረሻ ቀባሁ። ቤቴ ስገባ ስልክ ጮኸ። ልጄ አቤል ነው፤ ባሕር ዳር ይሠራል፣ እሑድ እሑድ ይደውላል። እናቱ ካረፈች ጀምሮ በየሳምንቱ እንዴት ነህ ይለኛል፤ እኔም በየሳምንቱ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝ እለዋለሁ። ትናንትም እንደዚያው ብዬ ዘጋሁት። እጄ የተልባ ዘይት ይሸት ነበር። ጥቂት ተቀምጬ መልሼ ደወልኩለት።

«ደህና አይደለሁም፣ አቤልዬ» አልኩት። «ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ሰው ናፍቆኛል።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ፣ አባዬ?» አለኝ። ሐሙስ ይመጣል።