የኋላ በር

ሸራ ሲቀደድ ድምፁን ታውቂዋለሽ? ትናንት ፕላን ይዤ ከቆምኩበት ሕንፃ ላይ አንዱ ግንበኛ የሲሚንቶ መሸፈኛውን ሸራ ጨርር አድርጎ ቢቀደው ክው ብዬ ቀረሁ። "ምነው እህቴ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱ አንድ በር ባለው ቤት ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው።

እኛ ከወለጋ ስንሸሽ ያዳነን የኋላ በር ነው። ሊገድሉን የመጡ ሰዎች የፊቱን በር ሲደበድቡ አባቴ እኔንና እናቴን በጓሮ፣ በቡናው መሀል አወጣን። አናጢ ነበር፤ ያን ቤት በገዛ እጁ ነው የሠራው። ደብረ ብርሃን መጠለያ ጣቢያ ስንደርስ የተሰጠን ድንኳን ግን አንድ በር ብቻ ነበረው። አባቴ ዞሮ ዞሮ አየውና "ይሄ ቤት አይደለም፣ ወጥመድ ነው" አለ።

የጣቢያው አስተባባሪ ሲያስገባን አስጠንቅቆናል። "ሸራውን የቀደደ ድንኳኑን ይለቃል። ተረኛ ሞልቷል።" መልቀቅ ማለት በዚያ ውርጭ ሜዳ ላይ መውደቅ ነው፤ እናቴ ደግሞ እርጉዝ ነበረች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። በሳምንቱ፣ አንድ ጠዋት፣ አባቴ የጀርባውን ሸራ በቢላዋ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ገልጦ ሲያይ የጎረቤታችን ሸራ አፍንጫው ስር ተገትሯል። ለካ ድንኳኖቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ነው የተተከሉት። ዕድሜውን ሙሉ ቤት የሠራ ሰው፣ በሩ ወዴት እንደሚያወጣ እንኳ ሳያይ ቀደደ! ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል።

ወዲያው አስተባባሪው ለቁጥጥር ገባ። እኔ ቀዳዳው ላይ በጀርባዬ ተለጠፍኩ። ነፋሱ ከኋላዬ ቀሚሴን ያርገበግበዋል።

"ዞር በይ እስቲ፣ የኔ ልጅ።"

ምን ይዋጠኝ? ዞር አልኩ።

"በዚህ ደሞ ወዴት ልትወጡ ነው?" አለ። "በሉ ዕቃችሁን ሰብስቡ።"

ይሄኔ ጨርር ሲል ሰማሁ። ከወዲያ፣ ከጎረቤታችን ሸራ ውስጥ የቢላዋ ጫፍ ብቅ አለ። "መጡብን!" ብዬ ጮህኩና እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። ቢላዋው ቀስ እያለ እስከ መሬት ወረደ። በቀዳዳው አንገቷን ያወጣችው ጎረቤታችን ናት፤ ሦስት ልጆች ይዛ ብቻዋን የተሰደደች ሴት። ሸራ ምን ወሬ ይሸሽጋል፣ ሁሉንም ሰምታለች።

"በእኔ በኩል ይወጣሉ" አለችው። "እንግዲህ ሁለታችንንም አስወጣን!"

አስተባባሪው እሷን አየ፤ የእናቴን ሆድ አየ። "ብርድ ልብስ አንጠልጥሉበት፣ ብርዱ ይጨርሳችኋል" ብሎ ወጣ። ያን ቀን አባቴ ከተሰደድን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን አውልቆ ተኛ።

በዓመቱ ጎረቤታችን ወደ ዘመዶቿ፣ ጫጫ ከተማ ሄደች። በቦታዋ የገቡት ሰዎች ቀዳዳውን በወስፌ ሰፉት። አልፈረድኩባቸውም፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል።

ዛሬ ለሰው በምሠራው ፕላን ሁሉ የኋላ በር አስገባለሁ። እኛ ግን የምንኖረው በተከራየሁት አንድ ክፍል፣ በአንድ በር ነው። "አባዬ፣ ጫማህን አውልቅ እንጂ" እለዋለሁ።

"እሺ ልጄ፣ አወልቃለሁ" ይለኛል።

ጠዋት ስነሳ የጫማው ክር እግሩ ላይ እንደታሰረ ነው።